ኳሱ አልቋል፤ ግሩፑ ግን አይሸጥም

እዚህ ገጽ ላይ የምታውቁኝ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ደወሌ ኬላ ስጽፍ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ኳስ ነው። «ደግሞ እሷ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?» የምትሉ፣ መጀመሪያ አንብባችሁ ጨርሱ፤ ከዚያ ፍረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋልያዎቹ ደጋፊዎች ግሩፓችን ሊያበቃ ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ አስተዳዳሪያችን የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከ። ደክሞታል። ቤተሰቡን ይዞ ከጅቡቲ ከወጣ ቆይቷል። ኳስ ማየትም ትቷል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድበትም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም። ቀጥሎ ግን «ግሩፑን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ ዋጋውም ጥሩ ነው፤ በእናንተ ላይ የሚጎድል ነገር የለም» አለ።

በዚያው ሌሊት ሦስት ወገን ሆንን። አንዱ ወገን «ይሽጠው፣ የልፋቱ ነው» ይላል። ሁለተኛው «አይሸጥም፣ አይዘጋምም፣ እንዳለ ይቀመጥ» ይላል። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ዓርብ ጠዋት ስነሳ ማን ማን ግሩፑን እንደለቀቀ የሚናገር መስመር ተደርድሮ አገኘሁ። አሥራ ሦስት ዓመት አብሮን የኖረ ሰው «ደህና ሁኑ» እንኳ ሳይል ወጣ።

እኔ ሦስቱንም ወገን እቃወማለሁ። ግሩፑ ይዘጋ። ግን ተሰናብተን፣ ሒሳብ ተሳስበን፣ በሩን በእጃችን ቆልፈን እንዝጋው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

እንዴት ተጀመረ?

አዲስ የመጣችሁ አታውቁትም። ግሩፑ የተጀመረው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ማታ ነው። የዚያን ቀን ዋልያዎቹ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፉ። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ አንድ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ግቦች አለፍን። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሳች አገር፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ጠብቃ ነበር።

እኛ ጨዋታውን ያየነው እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ነው። ሹፌሩ፣ ትራንዚተሩ፣ በርበሬ ሻጯ፣ የወደብ ጫኝና አውራጁ አንድ ምንጣፍ ላይ ተጨናንቀን ነበር። የሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት እህቶች ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ያገኙት «ዘመድ ሞቶብን» ብለው ነው፤ ሁለተኛው ግብ ሲገባ የጮኹትን ጩኸት የሰማ ሰው እውነትም ሞት አለ ሊል ይችል ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ወጣት ትራንዚተር ሁላችንንም ፎቶ አነሳና ፌስቡክ ላይ ግሩፕ ከፈተ። ከዓመታት በኋላ ወደ ቴሌግራም ተዛወርን። ያ ወጣት ነው ዛሬ «ደከመኝ» የሚለን።

ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩይት ላይ ዋንጫው በእጇ ከነበረው ዛምቢያ ጋር በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው 1 ለ 1 ስንለያይ ግሩፑ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ዛሬም አለ። አብዛኛው ትርጉም የለውም፤ «አአአአ» ብቻ ነው። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወደ ቤት ተመለስን። ዓመት ሳይሞላ ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረን እንደገና ናይጄሪያ አስቀረችን። በመሸነፍ የሚፈርስ ግሩፕ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይፈርስ ነበር።

ከኳስ ወደ ኑሮ

ያልፈረሰበትን ምክንያት ላስታውሳችሁ። ብሔራዊ ቡድን በዓመት ስንት ጊዜ ይጫወታል? አንዳንዱ ዓመት አሥር ጨዋታ እንኳ አይሞላም። በቀሩት ቀናት ምን ስናወራ ኖርን? ሥራችንን።

መጀመሪያ አንዱ ሹፌር «ጋላፊ ላይ ሰልፉ የት ደርሷል?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ከነፎቶው መለሰለት። ከዚያ ልማድ ሆነ። ፒኬ 12 ማቆሚያ ቦታ አለ ወይ? ዶራሌ የገባው መርከብ ዛሬ ያራግፋል? ዲክላራሲዮን ላይ የተሳሳተ ቁጥር ማን ጋ ሄዶ ይታረማል? ለልጄ ትምህርት ቤት የት ይሻላል? ካምሲን እየነፈሰ ቲማቲም ጭኜ ልነሳ ወይስ ልቆይ?

እኔ አንድ ሐምሌ ላይ ሙሉ ጭነት ቲማቲም ከመጣል የዳንኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በአካል የማላውቀው አንድ ልጅ «እትዬ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ አትጫኚ» ብሎ ስለጻፈልኝ ነው። ልጁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው። እኔ የቡና ነኝ። ኳስ የምትወዱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ መዋጮ መጣ። በወር አንድ ሺህ ፍራንክ። የታመመን ለማሳከም፣ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ፣ መኪናው ተገልብጦ ራቁቱን የቀረን ለማቋቋም። ደንብ አልነበረውም፣ ማኅተም አልነበረውም። ገንዘብ ያዧ ደብተሯን በየወሩ ፎቶ አንስታ ትለጥፍ ነበር። ከዚያ በላይ ማንም አልጠየቃትም።

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ፣ አገር ቤት ያሉት ግማሾቻችን ጠፉ። ዋልያዎቹ በመጋቢት ከጊኒ ጋር ሲጫወቱ እኛ ከጅቡቲ ውጤቱን በተራ የስልክ መልእክት እየላክንላቸው ነበር። ከውጤቱ ሥር የመንገዱንም ወሬ እንጨምር ነበር። አምስት ወር ያህል እንዲህ ኖርን።

የግሩፑ ትልቁ ሌሊት ግን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነበር፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.። አገራችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበራት «የሜዳችንን» ጨዋታ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ሄደን ተጫወትን። ተጋጣሚያችን ግብፅ ነበረች። ዳዋ ሆቴሳ አገባ፣ ሽመልስ በቀለ ደገመ፤ 2 ለ 0። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ከተማው በእግሩ አይቆምም ነበር። በማላዊው ስታዲየም ሊጮህልን የተቀመጠ የአገራችን ሰው ጥቂት ነበር። እኛ የጮኽነው ስልካችን ላይ ነው።

የዚያን ሌሊት ታላቅ ወንድሜ ዲኪል አጠገብ መኪናውን አቁሞ የድምፅ መልእክት ላከ። «እታለም፣ ግብፅን! ግብፅን እኮ ነው!» ይላል። ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሽንኩርቱን ገንዘብ ተቀበልሽ ወይ?» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ታሞ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቦታው የሄደው በግሩፑ መዋጮ ነው። ድምፁን የማገኘው እዚያ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ የለኝም።

ይህን የነገርኳችሁ ላስለቅሳችሁ አይደለም። «በእናንተ ላይ የሚጎድል ነገር የለም» ለተባለው መልስ እንዲሆን ነው።

«ይሽጠው» ለምትሉ

ሽያጩ እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁ ላስረዳ። ቴሌግራም ላይ የግሩፕ ባለቤትነት በይለፍ ቃል በጥቂት ደቂቃ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። አባላቱ አይጠየቁም። ገዢው መጀመሪያ ዝም ይላል። ሰው ሲለምደው ስሙንና ፎቶውን ይቀይራል። ከዚያ የውርርድ ማስታወቂያ ይጀምራል። ከዚያ «የተረጋገጠ ውጤት አለን፣ ክፈሉና እንንገራችሁ» የሚል ይመጣል፤ የጨዋታን ውጤት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ለእናንተ የሚሸጥበት ምክንያት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ «ዶላር በጥሩ ዋጋ»፣ «በየቀኑ ትርፍ የሚከፍል ሥራ» ይከተላል።

ገዢው ገንዘብ የሚያወጣው ስለ አዳነ ግርማ ግብ ሊያወራ ይመስላችኋል? ግሩፑ በዓመት አንዴ እንኳ የማይነቃ ነው። የሚከፍለው እርስ በርስ የሚተማመኑ ነጋዴዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ስላገኘ ነው። ማን ሽንኩርት እንደሚያመጣ፣ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ፣ የማን መኪና በየትኛው ቀን እንደሚነሳ፣ የማን ልጅ የት እንደሚማር ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ይችላል። የስልክ ቁጥራቸውን ያልደበቁም ብዙ አሉ። ይህን ሁሉ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት የመጋዘን ቁልፍ ከነዕቃው እንደመሸጥ ነው፤ ዕቃው ደግሞ የሻጩ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ነው ያለው። ሌላ የደጋፊዎች ግሩፕ ውስጥ ነበር፤ ያ ግሩፕ ተሽጦ እጅ እንደቀየረ አባላቱ አላወቁም። አንድ ቀን «የግሩፑ ገንዘብ ያዥ ነኝ» የሚል ሰው ጻፈለት። ስም ጠቅሶ፣ የድሮ ጨዋታ አስታውሶ፣ የታመመ የጋራ ወዳጅ ጠርቶ ገንዘብ ጠየቀው። ልጁ ላከ። የታመመ የተባለው ወዳጅ ጤነኛ ነበር። ገንዘቡ ቀረ። ከገንዘቡ የባሰው ግን ከዚያ ወዲህ የእውነት የታመመ ሰው ሲለምነው እንኳ እጁ መታሰሩ ነው።

«የልፋቱስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው፤ ልፋት አለው። ለኢንተርኔት ከኪሱ ከፍሏል። ሰው ሲሰዳደብ ገላግሏል። ሌሊት ተነስቶ የማጭበርበሪያ ማስታወቂያ አጥፍቷል። ታዲያ ልፋቱን የምንከፍለው እኛ ነን! እናዋጣና በአደባባይ፣ በስሙ፣ አመስግነን እንስጠው። እኔ የመጀመሪያዋ እሆናለሁ። ገዢው የሚሰጠውን ያህል ላይሆን ይችላል። ግን ሲያወጣው አንገቱን የማያስደፋው ገንዘብ ይሆናል።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ለአንተ ነው የምናገረው። ያን ምሽት ፎቶ ስታነሳን «ተጠጉ፣ ሁላችሁም እንድትገቡ» ያልከው አንተ ነህ። ተጠግተን የገባነው አንተን አምነን ነው።

«እንዳለ ይቀመጥ» ለምትሉ

እናንተን እረዳችኋለሁ። ስለምትወዱት ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ግሩፑ ሞቷል።

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከጅቡቲ ጋር ስንገናኝ ደስ የሚል ነገር ነበር። ከምንኖርበት አገር ጋር! ጨዋታው ሞሮኮ ላይ ተደርጎ 1 ለ 1 ወጣን፤ ከጅቡቲያውያን ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን አይተን፣ ተቃቅፈን፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመልሱ 6 ለ 1 አሸነፍን። ስድስት ግብ! ያን ቀን ግሩፑ ውስጥ የጻፈ ሰው ቆጠርኩ፤ አሥር አይሞላም። ከአሥሩ ሁለቱ የጫማ ማስታወቂያ የለጠፉ ናቸው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ቡድናችን ለዓመታት አገሩ ላይ ሳይጫወት ቆየ፤ ልጆቻችን ዋልያዎቹን በስታዲየም አላዩም። የልጄን ክፍል ግድግዳ ብታዩ አርሴናል ነው ከላይ እስከ ታች። ወጣቱ ወሬውን ቲክቶክ ላይ ያገኛል። ሹፌሮቹ የራሳቸው የመንገድ ግሩፕ አላቸው። የ2005ቱ ሰው ግማሹ ጅቡቲን ለቋል፤ አንዳንዱም ይህን ዓለም ለቋል። ማንም አልበደለም። ጊዜው ሄደ።

የሞተን ነገር ክፍት አድርጎ መተው ደግሞ አደጋ አለው። ጠባቂ የሌለው ግሩፕ በር የሌለው ግቢ ነው። አስተዳዳሪው ስልኩን ቢጥል፣ የይለፍ ቃሉን ቢሰርቁት፣ ወይም ደክሞት ነገ ለሌላ ገዢ እሺ ቢል ማን ያውቃል? ዛሬ «አይዘጋም» የምትሉት ሰዎች ማታ ማታ ተራ ገብታችሁ ትጠብቁታላችሁ? ጠይቄ ነበር። «ሥራ በዛብኝ» ነው መልሱ። የማትጠብቁትን ነገር ይቀመጥ አትበሉ።

ዝም ብላችሁ ለምትወጡ

እናንተ ላይ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። እስቲ እንደ ነጋዴ እናውራ።

ዕቁብ ስንጥል ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። ዕጣ የደረሰው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቢጠፋ ምን ይባላል? ዕቁብ የሚያልቀው የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ፣ ሁሉም ሰው የሰጠውን ሲያገኝ ነው። ዕድር ቢፈርስ እንኳ ድንኳኑና ሳህኑ ተቆጥሮ ነው። ማኅበር ጽዋውን ለተረኛ ያስረክባል። ሁለት ሸሪኮች ሱቅ ሲለያዩ ሽማግሌ ተቀምጦ የቀረ ዱቤ፣ የቀረ ዕቃ፣ የቀረ ኪራይ ይጻፋል። ይህን ሁሉ ከአባቶቻችን ተምረን ስናበቃ፣ ስልክ ላይ ሲሆን ግን አንድ ቁልፍ ተጭነን ብን እንላለን።

አንዱ ወጣት ስጠይቀው «እትዬ፣ ኳስ እኮ ነው፣ ምን ስንብት ያስፈልገዋል?» አለኝ። ወንድሜ ልጅ፣ ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእናትህን መድኃኒት ከአዲስ አበባ ያመጣልህ ሰው ማን ነበር? እሱ ዛሬም ግሩፑ ውስጥ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሄጃለሁ» ብትለው ምን ያህል ጊዜ ይወስድብህ ነበር?

ራሴንም አልምርም። እኔም ከሁለት ዓመት በላይ የግሩፑን ድምፅ ዘግቼ ኖሬአለሁ። መዋጮም ያቋረጥኩባቸው ወራት አሉ። ባለፈው ሐሙስ ያ መልእክት ባይመጣ ኖሮ መሞቱንም ላላውቅ እችል ነበር። ስለዚህ ከላይ ሆኜ እየመከርኳችሁ አይምሰላችሁ፤ እኔም ከባለዕዳዎቹ አንዷ ነኝ።

የሚቀረውን ነገር እናስብ

«ያጥፋው፣ ይገላገል» የሚል ሐሳብም ሰምቻለሁ። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ሲጫን ግሩፑ ከሁላችንም ስልክ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም።

ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። ጂኦሲቲስ የሚባል ሰዎች የራሳቸውን ገጽ የሚሠሩበት ትልቅ ቦታ ነበር፤ የሙዚቀኛ አድናቂው፣ የኳስ ወዳጁ ሁሉ ቤቱን እዚያ ሠርቶ ነበር። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው። በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት ሌት ተቀን እየገለበጡ ብዙውን አተረፉ፤ ያልደረሱበት ቀረ። ጉግል ፕላስ በ2019 ተዘጋ። ያሁ ግሩፕስም በ2020 መጨረሻ ተዘጋ፤ የሃያ ዓመት ወሬ የነበራቸው ማኅበሮች ነበሩ። በእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ቀን ተነግሮ ነበር። ሰምቶ የተነሳ ሰው የራሱን አዳነ። «ትላልቅ ድርጅቶች ናቸው፣ የትም አይሄዱም» ብሎ የተቀመጠ አጣ። እኛ የተሻለ ዕድል አለን፤ ቀኑን የምንወስነው ራሳችን ነን።

ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የግሩፑን ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ በሙሉ ገልብጦ የሚያወጣ አማራጭ አለው። ክፍያ የለውም። አንድ ኮምፒውተር፣ ጥሩ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል። የፌስቡኩን ዘመን ፎቶዎች ግን አንድ በአንድ መሰብሰብ አለብን።

እዚህ ላይ አንዲት እህቴ ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «የእኔ ዕዳ፣ የእኔ በሽታ፣ ያኔ በብሶት የተናገርኩት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ማን እጅ ሊቀመጥ ነው?» አለች። ልክ ናት። ስለዚህ ሁሉንም ለሁሉም እንበትን አልልም። የኳሱ ቀን ጽሑፍና የጋራ ፎቶው ለሁሉም ይሰጥ። የሞቱት ሰዎች ድምፅና ፎቶ ለየቤተሰቦቻቸው ብቻ ይሰጥ። የዕዳና የበሽታ ወሬ ይጥፋ። «የእኔን ጽሑፍ አጥፉልኝ» ያለ ሰው አስቀድሞ ይጥፋለት። ሥራው የሁለትና የሦስት ሰው የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ይህ አይበዛም።

ምን እናድርግ?

ወሬ ብቻ አይሁን። የምጠይቀውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ አስተዳዳሪያችን ለገዢው «አይሆንም» ይበልና ይህንኑ ግሩፑ ላይ ይጻፍ። የጀመርነው ምስጋናም በዚያው ቀን ይሰብሰብ።

ሁለተኛ፣ የመዝጊያ ቀን ይቆረጥ። ሁለት ወር በቂ ነው። ቀኑ ከላይ ይሰቀል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ይታወስ። አገር ቤትም ውጭም ያለ አባል እንዲያየው ወዳጅ ለወዳጁ ይደውል። ስልክ የቀየሩ፣ ቁጥራቸው የጠፋ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዧ የመጨረሻውን ደብተር ታቅርብ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። የቀረውን ምን እናድርግበት የሚለው በድምፅ ይወሰን። የእኔ ሐሳብ ባለፉት ዓመታት ሹፌር አባታቸውን ላጡት ልጆች የትምህርት ቤት ወጪ ይሁን ነው። የተሻለ ሐሳብ ያለው ያምጣ።

አራተኛ፣ ግልባጩ ይሠራ። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ወጣት እጁን ያውጣ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሻይና ሳምቡሳ አቀርባለሁ፤ ማን ማን እንደሆነ፣ የቱ ድምፅ የማን እንደሆነም እነግረዋለሁ። ያን የሚያውቅ ሰው እየቀነሰ ነው።

አምስተኛ፣ የመንገዱ ወሬ ቤት አይጣ። ለጋላፊና ለደወሌ መንገድ የሚሆን አንድ ትንሽ ግሩፕ ይከፈት። የምንተዋወቅ ሰዎች ብቻ እንግባበት። አስተዳዳሪዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ከጅቡቲ፣ አንዱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከሎጊያ። ማንም ብቻውን እንዳይሸጠው፣ ማንም ብቻውን እንዳይደክም።

ስድስተኛ፣ በመዝጊያው ቀን ጅቡቲ ያለን እንገናኝ። ካርቲዬ ሁለት ያለው ግቢ ዛሬ ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ ሄጄ አነጋግሬአለሁ። አንዲት ጅቡቲያዊት እናት ናቸው። «ለኳስ ነው?» አሉኝ። «ኳሱን ለመሸኘት ነው» አልኳቸው። ሳቁና «ምንጣፍ ግን ከእናንተ» አሉ።

እዚያ ቀን የሱዳኑን ጨዋታ እንደገና እናያለን። ከዚያ የሞቱትን ስም እንጠራለን። ከዚያ ደብተሩ ይነበባል። በመጨረሻም አስተዳዳሪያችን ካለበት ሆኖ፣ ሁላችንም እያየነው፣ ራሱ ይዘጋዋል። የከፈተው እሱ ነውና መዝጋቱም የእሱ ክብር ነው።

ሳይሰናበቱ ለወጣችሁት ደግሞ በሩ እስከዚያ ቀን ክፍት ነው። ተመለሱ፣ አንድ መስመር ጻፉ፣ ከዚያ በሰላም ሂዱ። የ2005ቱ ፎቶ ላይ ያላችሁ ሁሉ ስማችሁን ከዚህ በታች ሳይሆን ለገንዘብ ያዧ በስልክ አስመዝግቡ። ምንጣፍ ያለውም ይናገር፤ አንድ አይበቃንም።